ከክሩ እስከ ሶኬቱ፦ የአዲስ አበባ ቤዝ ተጫዋችና የዕቃው ጣጣ

ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ይሰፋል፣ ቆዳ ይቆረጣል፤ ጊታር አይሠራም። ከአጥሩ ወዲህ ባሉት ሰፈሮች ግን፣ ከጎሮ እስከ ሰሚት፣ ከሲኤምሲ እስከ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ ቤዝ ጊታር በጀርባው አዝሎ ታክሲ የሚጠብቅ ወጣት ማየት ብርቅ አይደለም። አንዱ እሑድ ጠዋት በቤተ ክርስቲያን ያገለግላል። ሌላው ቅዳሜ ሰርግ ላይ ነው። ሌላው ማታ ወደ ቦሌ ብቅ ብሎ ከሆቴል ባንድ ጋር ይሠራል። ሦስቱ የተገናኙ ዕለት ወሬው ዞሮ ዞሮ ዕቃ ላይ ይወድቃል። የትኛው ቤዝ ይሻላል? አራት ክር ወይስ አምስት? ፔዳል ያስፈልጋል ወይ? ከሱቅ ይገዛ ወይስ ከውጭ በሰው ሻንጣ ይምጣ?

ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ በብራንድ ስም ተጀምሮ በብራንድ ስም ያልቃል፤ ፌንደር፣ ያማሃ፣ አይባኔዝ፣ ኮርት። እኔ በዚህ አልስማማም። አዲስ አበባ ውስጥ የቤዝ ድምፅ ሲበላሽ እንጨቱ ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት ነው። የሚበላሸው ክሩ ላይ፣ የአንገቱ አቀማመጥ ላይ፣ ገመዱ ላይ፣ ሶኬቱና ሚክሰሩ ላይ ነው። ገንዘባችን የሚፈስሰው ግን እንጨቱ ላይ ነው።

ትንሽ ወደኋላ እንመለስ። ቤዝ ጊታር በዓለምም ቢሆን የቅርብ ጊዜ መሣሪያ ነው። ሊዮ ፌንደር ፕሪሲዥን ቤዝን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1951 ሲሆን ጃዝ ቤዝ በ1960 ተከተለው። ወደ እኛ የደረሰው ከሶል ሙዚቃ ጋር ነው፤ አስመራ በነበረው የአሜሪካኖች የቃኘው ጣቢያ ሬዲዮና የወታደር ክበቦች በኩል፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ በሸክላ። የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች በነሐስ መሣሪያ ያሳደጉት ጆሮ በዚያ ዘመን አዲስ የታችኛ ድምፅ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1975 ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር «ኧረ መላ መላ»ን ሲቀዳ ቤዙን የያዘው ጆቫኒ ሪኮ ነበር። አይቤክስ በኋላ ሮሃ ባንድ ሆኖ የካሴቱን ዘመን ሲቆጣጠረው ሪኮ በቤዝ፣ ሰላም ስዩም በጊታር አብረው ዘለቁ። በሂልተን ሆቴል መድረክ ዝናው የገነነው ዋልያስ ባንድ ደግሞ በመላከ ገብሬ ቤዝ ላይ ቆሞ ነበር። የኛ ሰው የድምፃዊውን ስም ያውቃል፤ የእነዚህን ሁለት ቤዝ ተጫዋቾች እጅ ግን ስማቸውን ሳይሰማ ሲያዳምጥ ኖሯል።

የዚያ ዘመን ቤዝ ተጫዋች «ምን ልግዛ?» እያለ ብዙ አይጨነቅም ነበር። መሣሪያው በአብዛኛው የሆቴሉ ወይም የክበቡ ባለቤት ንብረት ነበርና ባንዱ ሲለቅ ዕቃው እዚያው ይቀራል። ዋልያስ በታሪክ ከሚነሣባቸው ነገሮች አንዱ ከዚህ ጥገኝነት ወጥቶ ራሱን የቻለ ባንድ መሆኑ ነው። ዛሬ ክበቡ በቤተ ክርስቲያን ተተክቷል ብል ብዙ የተሳሳትኩ አይመስለኝም። በፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ያደገ ልጅ የመጀመሪያውን ቤዝ የሚይዘው በመዘምራን ልምምድ ላይ ነው፤ የተማረበት መሣሪያ የቤተ ክርስቲያኑ ነው። ሰፈር ቀይሮ ወይም ሥራ ፍለጋ ወጥቶ ከዚያ የተለየ ቀን የጣት ችሎታውን ብቻ ይዞ ይወጣል። የመግዛት ጥያቄ የሚጀምረው ያን ቀን ነው፤ ልጁም እስከዚያ ድረስ የመሣሪያን ዋጋ ጠይቆ አያውቅም።

በመካከሉ አንድ ክፉ ዘመን አለ። በደርግ ማብቂያ አካባቢና ከዚያ በኋላ ኪቦርድ ቤዙን ዋጠው። የኪቦርድ ተጫዋቹ ግራ እጅ የታችኛውን ድምፅ ሲይዝ፣ የድራም ማሽኑ ምቱን ሲመታ፣ አንድ ድምፃዊና አንድ ኪቦርድ ሙሉ ሰርግ መሸከም ጀመሩ። ለደጋሹ ወጪው ቀነሰ። ከባንዱ መጀመሪያ የተቀነሰው ቤዝ ነበር፤ ሳክስፎኑ ቢያንስ ለፎቶ ያምራል። ይህ ልማድ ዛሬም አልጠፋም። በሰርግ አዳራሾች ገበያ ቤዝ ተጫዋች ከኪቦርዱ ጋር በዋጋ እየተወዳደረ ስለሚኖር ዕቃ የሚገዛበት ገንዘብ ተቆጥሮ የመጣ ነው።

ቤዙን በእጅ የመጫወቱ ወግ በዚያ ዘመን ከተረፈባቸው ቦታዎች አንዱ ባሕር ማዶ ነው። አድማስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1984 ዋሽንግተን ላይ «ሳንስ ኦቭ ኢትዮጵያ»ን ሲቀዳ ሲንተሳይዘሩና ድራም ማሽኑ የዘመኑ ቢሆኑም ሄኖክ ተመስገን ቤዙን ይዞ ነበር። ሄኖክ ኋላ አዲስ አበባ ተመልሶ መድረክ ላይም በማስተማርም ብዙ ወጣቶችን አፍርቷል፤ ጥር 3 ቀን 2007 በቃጠሎ በጠፋው የጣይቱ ሆቴሉ ጃዝአምባ ቤዝን ቁጭ ብሎ የማዳመጥ ልማድ የተፈጠረው እንደ እርሱ ባሉ ሰዎች ነው። ቤዝ ተጫዋቹ ዘለቀ ገሠሠ የነበረበት ዳሎል ባንድ የዚጊ ማርሊን «ኮንሸስ ፓርቲ» አልበም እ.ኤ.አ. በ1988 አጅቧል። አዲስ አበባ የተወለደው ቶማስ ጎበና፣ መድረክ ላይ ቶሚ ቲ የሚባለው፣ ከጎጎል ቦርዴሎ ባንድ ጋር ቤዝ ይዞ ዓለምን ዞሯል። የእነዚህ ሰዎች ወሬ ወጣቶቹ ዘንድ ሲነሣ «ምን ዓይነት ቤዝ ነው የያዘው?» ተብሎ ፎቶው ተጎትቶ ይታያል። ጥሩ ጉጉት ነው፤ ግን ፎቶ የሚያሳየው እንጨቱን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ገበያው እንግባ። ቤዝ ወደ አዲስ አበባ የሚገባው በሦስት በር ነው፤ በሱቅ፣ በሻንጣና ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ። ሱቁ ጥሩ ጎኑ ዕቃውን ነክተህ፣ ሰክተህ፣ ሰምተህ መግዛትህ ነው። ክፉ ጎኑ ምርጫው ጥቂት መሆኑና ዋጋው ከምንዛሪ ጋር አብሮ መውጣቱ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላ ከ130 ብር አለፈ። ውጭ ሀገር 300 ዶላር የሚሸጥ ለጀማሪ የሚበቃ ቤዝ ያኔ ቀረጥና ትራንስፖርት ሳይጨመር 17,100 ብር ነበር፤ በ130 ሒሳብ 39,000 ይሆናል። በላዩ ላይ ቀረጡ፣ 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስና የነጋዴው ትርፍ አለ። ሰርግ የሚሠራ ልጅ ደመወዙ በዚያ ፍጥነት አላደገም።

ስለዚህ ሻንጣ። ዘመድ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ሲመጣ «አንድ ቤዝ ይዘህልኝ ና» የማይባል ማነው? እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይረሳል። አንደኛው ርዝመቱ ነው፤ የተለመደው ቤዝ ክሩ ከድልድዩ እስከ ነቱ ብቻ 34 ኢንች ስለሆነ ጠቅላላ መሣሪያው ከአንድ ሜትር ይበልጣል፣ ማንም የሻንጣ ክዳን አይዘጋበትም። አንገቱ በብሎን የታሰረ ከሆነ አራቱን ብሎኖች ፈትቶ አካሉንና አንገቱን ለየብቻ በልብስ ጠቅልሎ ማምጣት ይቻላል፤ የፌንደር ዓይነቶቹ ለዚህ ይመቻሉ። አንገቱ በሙጫ የተያያዘውን ግን ለመፍታት የሞከረ ሰው ዕቃ ሳይሆን ማገዶ ይዞ ይደርሳል። ሁለተኛው፣ ዘመድህ ቤዝ ተጫዋች አይደለም። ቀለሙን ዓይቶ ይገዛል። የሞዴሉን ስምና የክሩን ብዛት ጽፈህ ካልላክህ ሰማያዊ ሊድ ጊታር ሊደርስህ ይችላል።

ሦስተኛው በር ያገለገለ ዕቃ ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚያዋጣው እሱ ነው፣ ማየት ለሚችል ሰው። ያገለገለ ቤዝ እንዴት እንደሚታይ ረጋ ብዬ ልግለጽ፣ ምክንያቱም ገንዘቡ የሚድነው ወይም የሚጠፋው በእነዚህ አሥር ደቂቃዎች ውስጥ ነው። መሣሪያውን በጎኑ ያዘውና ከራሱ በኩል አንድ ዓይንህን ጨፍነህ በአንገቱ ጠርዝ አሻግረህ ተመልከት። አንገቱ እጅግ በጥቂቱ ወደ ፊት ቢጎብጥ ደግ ነው፤ እንደ ገመድ ከተጠማዘዘ፣ ማለትም የአንዱ ጎን ጠርዝ ከሌላው ጋር ካልገጠመ፣ ዋጋ ሳትጠይቅ መልሰህ ስጠው። ቀጥሎ ወፍራሙን ክር በመጀመሪያውና በመጨረሻው ፍሬት ላይ በሁለት እጅህ ተጫነው፤ መካከል ላይ፣ ሰባተኛው ፍሬት አካባቢ፣ በክሩና በፍሬቱ መካከል ቀጭን ወረቀት ሁለት ሦስት ታጥፎ የሚያሳልፍ ክፍተት ሊኖር ይገባል። ክፍተቱ የበዛ ከሆነ አንገቱ ውስጥ ያለው የብረት ዘንግ፣ ትረስ ሮዱ፣ መሥራቱን ጠይቅ፤ ጫፉ ላይ ያለው ብሎን በመፍቻ ተበልቶ የተሸራረፈ ከሆነ ቀድሞ የታገለው ሰው አለ ማለት ነው። ከዚያ እያንዳንዱን ክር በእያንዳንዱ ፍሬት ላይ ምታ። አንዱ ፍሬት ላይ ሞቶ ቀጣዩ ላይ ከተነሣ ፍሬቱ ተበልቷል ወይም ተነሥቷል። መጨረሻ ሰክተህ ቁልፎቹን አዙር፤ ቮልዩሙ ኮሽ ኮሽ ካለ የአቧራ ጉዳይ ነው፣ በኮንታክት ክሊነር ይለቃል፣ ዋጋ ለመቀነስ ግን ይረዳል። መሣሪያው ባትሪ የሚበላ ከሆነ የኋላውን ክዳን ክፈት። ዘጠኝ ቮልቱ ባትሪ ፈሶ አረንጓዴ ዝገት ከጣለ ውስጡ ያለው ፕሪአምፕ ዕድሜው አጭር ነው።

ይህን ሁሉ ካደረግህ በኋላ «መጨረሻው ስንት ነው?» በል።

የአዲስ አበባ አየር ራሱ በአንገቱ ላይ ሥራ አለው። በጋው ደረቅ ነው፤ እንጨቱ ይሰበሰብና የፍሬቶቹ ጫፍ ከጎን ብቅ ብሎ መዳፍ ይቧጭራል። ክረምት ሲገባ እንጨቱ እርጥበት ይጠጣና አንገቱ ወደ ፊት ይጎብጣል፣ ክሩ ከፍሬቱ ይርቃል፣ ልጁ «ቤዜ ከበደኝ» ይላል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ቤዙን ሊሸጥ ያስባል። የሚያስፈልገው ግን የትረስ ሮዱን ሩብ ዙር አዙሮ አንድ ሌሊት አሳድሮ ማየት ነው። ወፍራሙ ክር አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ከሁለት እስከ ሁለት ተኩል ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ለአብዛኛው እጅ ይበቃል። ይህን ሥራ አምኖ የሚሰጡት ባለሙያ በከተማው ውስጥ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት መፍቻና አንድ ማስመሪያ ገዝቶ ራሱ ቢማረው ከማንኛውም ፔዳል የበለጠ ትርፍ ያገኛል።

ስለ ክር። አዲስ ክር ውድ ነው፤ ደግሞም ሲፈለግ አይገኝም። አሮጌውን ክር አውልቆ በፈላ ውሃ መቀቀል የድሃ ዘዴ ሲባል ቢሰማም ይሠራል፤ በጥቅልሉ መካከል የተጠራቀመውን ላብና ቆሻሻ ያወጣዋል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሚፈላ ትንሽ ቆየት ማድረግ ነው። ሆኖም ሁሉም ሙዚቃ የሚያብረቀርቅ ክር አይፈልግም። የሞታውን ስቱዲዮ ቤዝ የነበረው ጄምስ ጄመርሰን ፍላትዋውንድ የሚባለውን ለስላሳ ክር አንዴ ካሰረ እስኪበጠስ አይቀይረውም ነበር፤ የእኛ የሰባዎቹ ቀረጻዎች ላይ የምንወደው ክብ፣ አጭር፣ እንደ ከበሮ የሚመታ የቤዝ ድምፅም የዚያ ቤተሰብ ነው። ትዝታን ወይም የሰባዎቹን ዘፈን ለመጫወት አዲስ ክር የሚፈልግ ሰው ቅዳሜውን በከንቱ ያባክናል። በአውራ ጣት ለሚመታው ለፈንክ፣ ለዛሬው መዝሙር፣ ለስላፕ ግን አሮጌ ክር አይሆንም።

አራት ክር ወይስ አምስት? ወጣቶቹ ሁሉ ወደ አምስት ያደላሉ፤ ምክንያታቸውም ብዙውን ጊዜ ዓይን ነው። ይሁን እንጂ ከጀርባው እውነተኛ ጉዳይ አለ። የአራት ክር ቤዝ የመጨረሻው ዝቅተኛ ድምፅ ኢ ነው፣ በሰከንድ 41.2 ንዝረት። የነሐስ መሣሪያዎች ወግ ባለበት ሀገር ደግሞ ዘፈን በኢ ፍላትና በቢ ፍላት ይበዛል፤ ኢ ፍላት 38.9 ንዝረት ሆኖ ከአራቱ ክር በታች በአንድ ፍሬት ያመልጣል። በኪቦርድ የተቀናበረ ዘፈን ሲሆን ግራ እጁ ወደዚያ ወርዶ ሄዷልና ቤዙ ወደ ላይኛው ኦክታቭ ለመሸሽ ይገደዳል፣ ዘፈኑም ይሳሳል። አምስተኛው ክር ለዚህ ይጠቅማል። እስከ ታችኛው ቢ፣ 30.9 ንዝረት ድረስ መውረዱ ግን በአብዛኛው ሰርግ አዳራሽ ባዶ ሒሳብ ነው፤ ስፒከሩ ያንን አያወጣውም፣ ስልክ ላይ የሚያዳምጠው ሰውማ ጭራሽ አይሰማውም፤ ጆሮው ከላይኞቹ ንዝረቶች ተነሥቶ የታችኛውን ይገምተዋል እንጂ። አንገቱ ሲሰፋ ደግሞ የጀማሪ እጅ ይደክማል። የእኔ ምክር አራት ክር ገዝቶ ኢ ፍላት ያለበትን ዘፈን ግማሽ ድምፅ ወደታች ቃኝቶ መጫወት ነው። የሚቃወሙኝ ብዙ መሆናቸውን አውቃለሁ፣ በተለይ በአንድ መርሐ ግብር ውስጥ ስድስት ቁልፍ የሚቀያይሩት የቤተ ክርስቲያን ልጆች፤ እነሱ እውነት አላቸው።

ከሁሉም በላይ ማውራት የምፈልገው ስለ መብራት ነው። የእኛ ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የአሜሪካው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ። ከዋሽንግተን በሻንጣ የመጣ አምፕሊፋየር ስፒናውን ቀይሮ ቀጥታ ሶኬት ላይ ሲሰካ የሚወጣው ሽታ በከተማው ውስጥ በብዙ ቤት ይታወቃል። ከመሰካትህ በፊት ጀርባውን አንብብ፤ «100–240» የሚል ከሆነ አትፍራ፣ 115 እና 230 የሚያቀያይር ማብሪያ ካለው ወደ 230 አድርገው፣ «120» ብቻ ከሆነ ዝቅ የሚያደርግ ትራንስፎርመር ግዛ፤ ትራንስፎርመሩም የአምፑን ዋት የሚችል ይሁን። ቮልቴጅ ወጣ ገባ በሚልበት ሰፈር ስታቢላይዘር ቅንጦት አይደለም።

የ50 ኸርዙ ነገር ደግሞ ለቤዝ ተጫዋች ልዩ ፈተና ነው። በወፍራሙ ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ያለው ጂ 49 ንዝረት ነው፤ የቀጭኑ ክር ባዶ ድምፅ ሌላኛው ጂ 98። ከሶኬት የሚመጣው ጉምጉምታ፣ ሃም የሚባለው፣ 50 እና 100 ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ አንድ አዳራሽ ውስጥ ሃሙ ሲነሣ ልክ ያልተቃኘ ሁለተኛ ቤዝ ከጎንህ ጂ ይዞ እንደቆመ ሰው ይሆናል፤ በጂ የሆነ ዘፈን መጣ ማለት ደግሞ ሁለቱ ድምፆች እየተጋፉ ይንቀጠቀጣሉ። በሳውንድ ማኑ ኢኮላይዘር 50ን ብትቆርጠው ጂህን አብሮ ይቆርጠዋል። መፍትሔው ምንጩ ጋ ነው። ኧርዝ ያለው ሶኬት ፈልግ። አምፑንና ሚክሰሩን ከአንድ ኤክስቴንሽን ስካ፤ ሁለቱ ከተለያየ ግድግዳ ሲመጡ በኧርዙ መካከል ዙር ይፈጠርና ሃሙ በገመድህ በኩል ይገባል። ኧርዙን ከስፒናው ላይ ቆርጦ መጣል ሃሙን ያጠፋዋል፣ ግን ክሩን በነካህ እጅ ማይክሮፎን ስትነካ ሊገድልህ ይችላል፤ ይህን የሚመክር ሳውንድ ማን ካጋጠመህ ጃክህን ነቅለህ ውጣ። እንግዲህ የመሣሪያ ምርጫ ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው፤ ፕሪሲዥን ቤዝ እ.ኤ.አ. ከ1957 ወዲህ የያዘው ሁለት ቦታ የተከፈለ ፒካፕ፣ ማለትም የክሩን ንዝረት የሚቀበለው ክፍል፣ ሃምን በራሱ ይሰርዛል፣ ጃዝ ቤዝ ግን ሁለቱን ቮልዩሞች እኩል ካልከፈትክ ያጉመተምታል። በከተማችን ሶኬት ላይ ለሚኖር ሰው ፕሪሲዥን ዓይነት ፒካፕ የመምረጫ ምክንያት አለ፣ ከብራንዱ ጋር ጉዳይ የለውም።

ከመብራቱ ቀጥሎ ገመዱ። ሰርግ ላይ ቤዙ አምፕ ሳይኖረው ቀጥታ ሚክሰር ላይ ሲሰካ ድምፁ ቀጥኖ፣ ቆርቆሮ ሆኖ ይወጣል። ባትሪ የሌለው ቤዝ ፒካፑ ደካማ ስለሆነ የሚክሰሩ መግቢያ ይጫነዋል፤ ዲአይ ቦክስ የሚባለው ትንሽ ሣጥን በመካከል ሲገባ ያንን ጭነት ያነሣለትና በረጅም ገመድ ያለ ሃም ያሻግረዋል። ለአንድ ቤዝ ተጫዋች ከመሣሪያው ቀጥሎ መገዛት ያለበት ይህ ሣጥን ነው። ቦርሳ ውስጥ ይገባል፤ አዳራሹ ምንም ይሁን ምን ድምፅህን ይዘህ ትሄዳለህ። ሆኖም ስለ ዲአይ ቦክስ ሲያወራ የሰማሁት ወጣት ጥቂት ነው፣ ስለ ኮረስ ፔዳል የሚያወራው ግን ብዙ።

ወደ ፔዳሉ መጣን። ድምፅን ሆን ብሎ ማሻከር ለእኛ የውጭ ነገር አይደለም። በገና አሥሩ ክሮቹ በድልድዩ ላይ በሚያርፉበት ቦታ እንዚራ የምትባል ትንሽ ቆዳ ትገባለች፤ ያ የሚንዘዘዘው ጥልቅ ድምፅ የሚወጣው ክሩ ቆዳዋን እየነካ ሲርገበገብ ነው። ቆዳዋን ወደፊት ወደኋላ እያደረጉ ማስተካከል የደርዳሪው ሥራ ነው፤ የፈዝ ፔዳል ቁልፍ የሚሠራውም ይህንኑ ነው። በባህል ምሽት ቤቶች ከሊድ ክራሩ አጠገብ የሚቆመው ቤዝ ክራርም ፒካፕ ተገጥሞለት አምፕ ውስጥ ሲገባ ወፍራም፣ ሻካራ ድምፅ ያወጣል፤ ለኔ ጆሮ የብዙ ዲጂታል ፔዳሎችን ቅንብር ያስንቃል። አሜሪካዊው ቤዝ ተጫዋች ቢል ላስዌል እ.ኤ.አ. በ2001 የድምፃዊቷን የጂጂን አልበም ሲያዘጋጅ፣ በ2012 ደግሞ የጃኖ ባንድን «ኤርታሌ» ሲሠራ የታችኛውን ድምፅ በማስፋትና በማስተጋባት የኢትዮጵያን ዜማ የሚያነሣ ሌላ መንገድ አሳይቷል። ይወደድ አይወደድ የጆሮ ጉዳይ ነው፤ እኔ በጂጂው እስማማለሁ፣ በጃኖው ላይ ጊታሩ ቤዙን ስለሚሸፍነው እቸገራለሁ።

ለዕለት ሥራ ግን ዝርዝሩ አጭር ነው። ኮምፕረሰር ይጠቅማል፤ ችክችካ ላይ ስድስቱ ምት ለሁለትም ለሦስትም እየተከፈለ ጣት ሲጣደፍ ደካማውን ምትና ኃይለኛውን ያቀራርባል። ኦክታቭ በባንዱ ውስጥ ኪቦርድ ከሌለ ይፈለጋል። ድራይቭ ስትገዛ ንጹሑን ድምፅ የሚቀላቅል ቁልፍ ያለውን ምረጥ፤ የጊታር ድራይቭ ታችኛውን ድምፅ ይበላዋልና። ኮረስ ለአንድ ዘፈን በቂ ነው። የተቀረው ሁሉ ዙም ወይም ቦስ በሚሠሯቸው ትንንሽ መልቲ ኢፌክቶች ውስጥ አለ፤ ከፔዳል ገበያው አንድ ብቻ ግዛ ብባል ይህን እገዛ ነበር፣ ምክንያቴም ኢፌክቱ አይደለም፣ የሄድፎን መሰኪያውና ሜትሮኖሙ ነው። አዳፕተር ስትገዛ ግን ተጠንቀቅ፤ አብዛኛው ፔዳል ዘጠኝ ቮልት ሆኖ መሀሉ ኔጌቲቭ የሆነ ይፈልጋል፣ ከመንገድ ዳር የሚገዛው ሁለንተናዊ አዳፕተር ብዙውን ጊዜ መሀሉ ፖዘቲቭ ነው። ርካሹ አዳፕተር ባያቃጥለው እንኳ ሲንጫጫ ያድራል።

የሄድፎኑ ነገር ለኮንዶሚኒየም ነዋሪ ዋና ነው። ዝቅተኛ ድምፅ ግድግዳ አያግደውም፤ በወለሉና በምሰሶው በኩል ሦስት ፎቅ ይወርዳል። አራብሳ ላይ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ 50 ዋት አምፕ የሚከፍት ልጅ ጊታሩን ሳይሆን የጎረቤቱን የብርጭቆ መደርደሪያ ነው የሚጫወተው፤ ከላይ ያሉት እማማ ወርደው «ልጄ፣ እባክህን ልቤን አታንቀጥቅጠው» ቢሉ አይፈረድባቸውም። ቤት ውስጥ ሄድፎን፣ መድረክ ላይ ዲአይ ካለ፣ ትልቅ አምፕ ለአብዛኛው ሰው ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ዓመት ላይ የሚታሰብ ነገር ነው። ድራም ያለበት ባንድ ውስጥ ያለ ሞኒተር የሚጫወት ብቻ ነው ቶሎ የሚፈልገው፤ እሱም ከ100 ዋት በታች ቢገዛ ድራሙ ይውጠዋል።

የሚቀረው ማንገቻና ቦርሳ ነው፤ ቦሌ ለሚም እዚህ ላይ ይመለከተናል። ቤዝ አራት ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ከዚያም ያልፋል፤ አምስት ሰዓት ሰርግ ላይ በቀጭን ናይለን ማንገቻ የተሸከመ ትከሻ በማግስቱ ይናገራል። ፓርኩ በመንግሥት ከተገነቡት የኢንዱስትሪ ፓርኮች የመጀመሪያው ሆኖ በ20 ሼዶች ልብስና የቆዳ ውጤት ለውጭ ገበያ ለማምረት የተከፈተ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአሜሪካው የቀረጥ ነፃ ንግድ ዕድል፣ ከአጎዋ፣ ስትወጣ የአሜሪካው በር ጠበበበት። አንዳንዶች ታዲያ የጊታር ማንገቻና ቦርሳ እዚያ ቢሠራስ ይላሉ። ሐሳቡ ያምራል፣ ሒሳቡ ግን አይገጥምም፤ ሼድ ሙሉ መኪና የሚያስነሣ ፋብሪካ የሚቀበለው ትእዛዝ በብዙ ሺህ ነው፣ የከተማው ቤዝ ተጫዋች ደግሞ ሁሉም ቢሰበሰብ አንድ ቀን አያሠራውም። የበግ ቆዳችንም ለጓንት የተመሰገነው በቀጭንነቱ ነው፤ ማንገቻ የሚፈልገው የበሬ ቆዳ ነው።

ይልቅ መርካቶ ወርዶ ቦርሳ ሰፊ ጋ መሄድ ይሻላል። ለማንገቻው ስፋቱን ሰባት ወይም ስምንት ሳንቲ ሜትር አድርግልኝ በለው፣ ውስጡ ለስላሳ ሱፍ ወይም ስፖንጅ ይግባበት፣ ርዝመቱ ቁጭ ብለህም ቆመህም ቤዙን አንድ ቦታ ላይ እንዲያስቀምጠው ለካ። የቁልፉ ቀዳዳ ጠባብ ይሁን፤ ቀዳዳው የሚለጠጠው በአንድ ወር ውስጥ ስለሆነ ቆዳው እዚያ ላይ ድርብ ሆኖ በሁለት ረድፍ ይሰፋ። ለቦርሳው ሁለት ሳንቲ ሜትር ስፖንጅና ከአንገቱ ሥር መደገፊያ ትራስ፤ በሚኒባስ ውስጥ የሚሰበረው ሁልጊዜ ራሱ ጋ ነውና። ቤዙን ራሱን ይዘህ ሂድ፤ ሰፊው ቤዝ ዓይቶ ካላወቀ ልኩን ለጊታር ይቆርጠውና ጫፉ ከዚፑ ውጭ ይቀራል።